ዱርዬውን ማን ወለደው?

“ግድ የለሽም፣ ትዳር ሲይዝ ይሰክናል።” ይህችን አባባል ያልሰማች የከተማችን ልጅ ካለች እጇን ታውጣ። ሰካራሙም፣ ሴት አውሉም፣ እጁ የሚፈጥነውም በዚህችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ምሕረት ያገኛል። በፍቅር ልቦለድም ቢሆን ዓይናችን ጨዋውን ጎረምሳ ዘሎ የሚያርፈው ዱርዬው ላይ ነው። እናም ዛሬ የዚህን ሰውዬ የዘር ሐረግ ልንቆጥር ተነስተናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አያቶቹ በለንደን የቲያትር መድረኮች ላይ ሲፏልሉ የኖሩ ናቸው። በልቦለድ ግን አባቱ ብለን የምንቆጥረው ሳሙኤል ሪቻርድሰን የሚባል የለንደን አታሚ ነው። መቼም ከእርሱ የባሰ ጨዋ ሰው ተፈልጎም አይገኝ! በ1747 እና በ1748 በሰባት ቅጽ ያወጣው “ክላሪሳ” ገጸ ባሕርያቱ በሚለዋወጡት ደብዳቤ የተዋቀረ ነው። ክላሪሳን ቤተሰቦቿ የምትጠላውን ሀብታም ካላገባሽ ብለው ሲያስጨንቋት፣ ላቭሌስ የተባለ መልከ መልካም፣ ምላሱ የሰላ ባላባት አታሎ ያስኮበልላታል። ሴተኛ አዳሪዎች ቤት ይዘጋባታል። በመድኃኒት አደንዝዞ ይደፍራታል። በኋላ ላግባሽ ቢላትም እምቢ እንዳለች ትሞታለች፤ እርሱም በፍልሚያ ይገደላል።

ሪቻርድሰን ይህን ሁሉ የጻፈው እኮ ያቺኑ የእኛን አባባል ሊያፈርስ ነው። የታረመ ዱርዬ ከሁሉ የተሻለ ባል ይወጣዋል የሚለው እምነት አደገኛ መሆኑን መግቢያው ላይ በግልጽ አስፍሯል። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? መጽሐፉ እየተከፋፈለ ይወጣ ስለነበር አንባቢዎች መጨረሻውን ሳያዩ ደብዳቤ ያጎርፉለት ጀመር። ሌዲ ብራድሼይ የተባለች ወይዘሮ በሐሰት ስም እየጻፈች ላቭሌስ ንስሐ ይግባ፣ ይጋቡ ብላ ለመነችው። ደራሲው ደነገጠ፤ ልመናዋንም አልተቀበለም። በኋለኞቹ እትሞች የግርጌ ማስታወሻ እየጨመረ፣ ላቭሌስን የበለጠ የሚያጠቁሩ ገጾች እያስገባ ሰውዬውን ሊያስጠላቸው ታገለ።

በእኛ ግምት የተሸነፈው በራሱ ብዕር ነው። ላቭሌስ ደብዳቤ ሲጽፍ ይቀልዳል፣ ይፎክራል፣ ገጹ ይሞቃል። ጨዋዎቹ ወንዶች ሲጽፉ እንቅልፍ ይመጣል። የአንባቢዎቹንም ኑሮ አስቡት። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ያገባች ሴት ንብረቷ በሕግ በባሏ እጅ ነው፤ ክፉ ባል የደረሳት መሄጃ የላትም። ጨካኙን በፍቅር ያንበረከከች ሴት ታሪክ፣ ሌላ መሣሪያ ለሌላቸው ሴቶች የድል ታሪክ ነበር።

ቆይቶ ሴቶቹ ራሳቸው ጻፉት። ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ሚስቱን ቆልፎ ሌላ ሊያገባ የተነሳውን ሮቸስተርን ዓይኑንና አንድ እጁን አሳጥታ ነው ለጄን ኤር የዳረችው። ኢ. ኤም. ኸል በ1919 “ዘ ሼክ” በተባለው ልቦለዷ አንዲት እንግሊዛዊት በአልጄሪያ በረሃ ታስጠልፋለች፤ ጠላፊው ይደፍራታል፤ እርሷም ትወደዋለች። (ዓረብ የተባለው ሰውዬ መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ ሆኖ መገኘቱ ሌላ ጉድ ነው።) የ1921ዱ ፊልም መድፈሩን ቢያስቀረውም ሩዶልፍ ቫለንቲኖን የሴቶች ሕልም አደረገው።

የ1936ቱን ሬት በትለርን እኛም እናውቀዋለን። (ስሙ በአማርኛ መራራ መሆኑ ይግረማችሁ!) ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ልቦለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞ “ነገም ሌላ ቀን ነው” ብሎ ሰጥቶናል። ሬት ሰክሮ ስካርሌትን በግድ ተሸክሞ ደረጃውን ይወጣል፤ በማግስቱ እርሷ በደስታ ትነቃለች። በ1972 የወጣው የካትሊን ውዲዊስ “ዘ ፍሌም ኤንድ ዘ ፍላወር” ደግሞ ገና ከጅምሩ በመድፈር ነው የሚከፍተው፤ የዘመናችን ትኩስ የፍቅር ልቦለድ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ይቆጠራል። ሴት ልጅ “ፈልጌ ነው” ማለቷ ነውር በሆነበት ዓለም መገደዷ ሰበብ ሆነላት። ሰበቡ ይገባናል። ግን በዚህ ሰበብ ግፉ ፍቅር ተብሎ ተጠራ፣ ይሄ አልዋጥ ብሎናል።

ተመራማሪዋ ጃኒስ ራድዌይ በ1984 ባሳተመችው ጥናቷ፣ በአንዲት የአሜሪካ ከተማ የሚኖሩ የፍቅር ልቦለድ አንባቢ ሴቶችን አነጋግራ ነበር። እነርሱ እንኳ ጨካኝ ሆኖ የሚቀረውን ጀግና አይወዱትም፤ የሚፈልጉት ከሻካራው ቆዳ ሥር ርኅሩኅ ሰው እንዲወጣ ነው። ሌዲ ብራድሼይ በ1748 ከለመነችው ብዙ አይርቅም።

በ2011 የኢ. ኤል. ጄምስ ክርስቲያን ግሬይ ውል ይዞ መጣ። አልጋ ላይ የሚፈቀደውና የማይፈቀደው በዝርዝር ተጽፏል፤ ከላቭሌስ መድኃኒት ወዲህ ረጅም መንገድ ነው። አናስታዢያ ውሉን አልፈረመችም። ስልኳን ተከታትሎ ያለችበት ሲደርስና የምትሠራበትን ድርጅት ሲገዛ ደግሞ ፈርሚ የሚላትም አልነበረም።