አፈርሳታ፦ ሹምና ባላገር በከብት ሌባ ፍለጋ

በሬው የተሰረቀበት ገበሬ የሚያጣው አንድ ከብት ብቻ አይደለም፤ የዓመት እርሻውንም ነው። ዘመናዊ ፖሊስ ከመቋቋሙ በፊት በአገራችን በብዙ ስፍራ ለዚህ ጉዳት መፍትሔ ይፈለግ የነበረው በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ ነበር።

አሠራሩን እንመልከት። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ተበዳዩ ለአካባቢው ሹም ያመለክታል። ሹሙ ባላገሩን በሜዳ ላይ ይሰበስባል፤ የቀረ ይቀጣል። የተመረጡ ሽማግሌዎችም ሰዉን በየተራ እያስማሉ ይጠይቃሉ። ቂም የሚፈራ ሰው ያየውን በምስጢር ይናገራል፤ እንዲህ ያለውን ጠቋሚ «ወፍ» ይሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሹሙ የማስገደድ ሥልጣን ነበረው እንጂ ሌሊት የተነዳውን ከብት የሚያይ ዓይን አልነበረውም። ባላገሩ ደግሞ ዓይን ነበረው እንጂ ጎረቤቱን አስገድዶ የሚጠይቅበት ሥልጣን አልነበረውም። አፈርሳታ ሁለቱን አገናኘ።

ይሁንና ሌባው ካልተገኘ ነዋሪው ካሣውን በጋራ ይከፍል ነበር። ይህም ሰውን ለፍለጋ ቢያተጋም፣ ምንም የማያውቀውን ንጹሕ ሰው አብሮ ይቀጣል። ስብሰባው ሲራዘምም የእርሻ ሥራ ይፈታል።

በ1934 ዓ.ም. ፖሊስ በዐዋጅ ተቋቋመ፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም የወንጀል ምርመራን ለፖሊስ ሰጠ። አውጫጭኝ ግን በየገጠሩ ወዲያው አልጠፋም፤ ፖሊስ ሩቅ በሆነበት ቦታ የጎረቤት ዓይን አስፈላጊ ነበርና።

እንግዲህ ተማሪዎቻችን የየአካባቢያቸውን አዛውንቶች እንዲጠይቁ እናድርግ፤ ከዚያም በክፍል ውስጥ ይከራከሩበት፦ የሕዝብን ዕውቀት ለፍትሕ እያዋልን ንጹሑን ከጋራ ቅጣት ማዳን የምንችለው እንዴት ነው?