መጋቤ ምድር

«ስቱዋርድሺፕ» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ስለ ተራቆተ መሬት ማገገምና ስለ ዱር አራዊት መጠጊያ በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ እየተደጋገመ የሚገባ ሲሆን፣ ወደ አማርኛ የሚመልሱት ሰዎች አንዳንዱ «ጥበቃ»፣ አንዳንዱ «እንክብካቤ»፣ አንዳንዱም «አደራ» እያሉ ስለሚጽፉት፣ አንባቢው አንዱን ነገር ሦስት ነገር አድርጎ ቢያስበው አይፈረድበትም። ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ የቤት ወይም የአዳራሽ ጠባቂ ማለት ነበረ፤ ቆይቶ ግን የጌታውን ርስት ለሚያስተዳድር፣ ከፍሬውም ለሚያወጣና ለሚያገባ፣ በጊዜውም ሒሳቡን ለሚያቀርብ ሹም መጠሪያ ሆነ። ስለ መሬት ሲነገርም ትርጓሜው ከዚህ አይርቅም፤ የተጎዳውን እያደሰ፣ ያልተጎዳውን እየጠበቀ፣ ከበረከቱም በልክ እየተጠቀመ፣ ስለ አያያዙ ለጎረቤቱና ለሚመጣው ትውልድ የሚጠየቅ ሰው ሥራ ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ የምናቀርበው ስም «መጋቢነት» ሲሆን፣ ሠራተኛውንም በግእዙ አገባብ «መጋቤ ምድር» እንለዋለን። «መገበ» በግእዝ መራ፣ አስተዳደረ ማለት ነውና ቤተ ክርስቲያን የሐዲስ ኪዳንን ትርጓሜ የሚያስተምረውን ሊቅ መጋቤ ሐዲስ ትለዋለች፤ በሉቃስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ ጌታው ሒሳብ የጠየቀው ሰውም በአማርኛው መጽሐፍ የሚጠራው መጋቢ ተብሎ ነው። «ዐቃቤ ምድር» ቢባልስ የሚል አይጠፋም፤ ነገር ግን ዕቅበት ነገሩን እንዳለ ማቆየትን ብቻ ይመስላል፤ ጥበቃ ጠመንጃ አንግቶ በር ላይ የሚቆመውን ዘበኛ ያሳስባል፤ አደራም ቢሆን ዕቃው ሳይነካ የሚመለስበት ነው። መጋቢ ግን ይነካል፣ ያወጣል፣ ያገባል፣ ይጠየቃልም።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ግብሩ በአገራችን የቆየ መሆኑን ለማየት ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ መንዝ ጓሳ መሻገር ይበቃል። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋው፣ ስፋቱም ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ይህ ውርጫም አምባ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ሲሆን፣ ለመንዝ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሣር ቤት ነው፤ ጓሳ የሚባለው ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ መከላከያው ገሳም ይሠራበታል። ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ አጥንተው እንደ ጻፉት፣ ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ ሥፍራው ይተዳደር የነበረው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነው። አስቦና ጌራ ከሚባሉት ከሁለቱ አባቶች የሚወለዱት ባለርስቶች ከየወገናቸው አንድ አንድ አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቆቹም ሣሩ እስኪጠና ድረስ አምባውን ይዘጋሉ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ድረስ ከብት እንዳይገባና ማጭድ እንዳያርፍበት ያደርጋሉ፤ አቅም ያለው አባወራ ሁሉ በጥበቃው ተራ ይወጣል፤ ድርቅ ሲበረታ ወይም ሣሩ ሲደርስ አለቆቹ መክረው ይከፍቱታል። እንግዲህ የመጋቢነት ፍሬ ነገር ያለው በዚህ መዝጋትና መክፈት ውስጥ ነው፤ ፈጽሞ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ የመንዝ ሰው ስለ ሣሩ ባልደከመ፣ ፈጽሞ የተከፈተም ቢሆን ሣሩ ባልተረፈ ነበርና።

ይህን ሥርዓት ያለ ነቀፋ ማወደስ ግን አይገባም፤ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተወለደ ሰው ከአምባው ድርሻ አልነበረውምና። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስቱ ቀረ፣ ከርስቱም ጋር ቄሮ ፈረሰ፤ ተነፍጎ የኖረው መብቱን አገኘ፣ ሣሩ ግን የሚዘጋለት አጣ፣ ግጦሹም በዛበት። በኋላ ነዋሪው በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ እንደገና ተደራጅቶ ሥፍራውን የማኅበረሰብ ጥበቃ አድርጎ ማስተዳደሩ፣ መጋቢነት ከዘር ሐረግ ተለይቶ ሊቆም እንደሚችል ያስረዳል፤ በእኔ ግምት ከቀድሞው ይልቅ የሚደነቀው ይህ ሁለተኛው ነው።

በደቡብ ጎንደር ደግሞ እርሻ በከበባቸው አድባራትና ገዳማት ዙሪያ የቀረው የጽድና የወይራ ደን ሌላ ምስክር ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ባጠኑት መሠረት፣ ከብት በነጻ በሚገባበት ዐፀድ ውስጥ ቡቃያው እየተረገጠና እየተበላ ስለሚጠፋ፣ ሽማግሌዎቹ ዛፎች ወራሽ ሳይተኩ ያልቃሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ካህናቱና ገበሬዎቹ ከማሳው ላይ የተለቀመውን ድንጋይ ያለ ጭቃ እየካቡ ደኑን ያጥሩታል፤ ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፣ ደኑም ከሰኮና ያርፋል።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ማመልከት ይገባል። በግእዝ የዚህ ግብር ስም «ምግብና» ነው፤ ነገር ግን የዛሬ አንባቢ ምግብ የሚል ድምፅ በሰማ ጊዜ ሐሳቡ ወደ ማዕድ ስለሚሄድ «መጋቢነት» ይሻላል፤ ብዙዎቹንም «መጋብያነ ምድር» ማለት ይቻላል። ስሙ የሚገባው በሥፍራው ለሚኖሩትና ስለ መዝጋቱም ስለ መክፈቱም ለሚወስኑት ነው፤ የእርሻ ባለሙያውና አጥኚው በዚህ ስም የሚጠሩት እነርሱም ስለ ውሳኔያቸው በነዋሪው ፊት የሚጠየቁ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ያለዚያ አማካሪ መባል ይበቃቸዋል።