ኳስ ቢመታህ ጥፋቱ ያንተ ነው

ክሬን የሚባል ሰው ካንሳስ ሲቲ ውስጥ 50 ሳንቲም ከፍሎ ቤዝቦል ሊያይ ገባ። ከወንበሮቹ ከፊሉ በመረብ የተከለለ ነው፤ ከፊሉ ገላጣ። ባሻው መቀመጥ ይችል ነበርና ገላጣውን መረጠ። በጨዋታው መሃል ከመቺው ዱላ ያፈነገጠች ኳስ መጥታ መታችው። ሜዳውን የሚያስተዳድረውን ድርጅት ከሰሰ። የሚዙሪ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1913 ባዶ እጁን አሰናበተው። መረብ ያለበት ወንበር ቀርቦለት ሳለ፣ አደጋው እየታየው ውጭ የተቀመጠ ሰው ጉዳቱንም አብሮ ተቀብሏል ተባለ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ የሕግ ሰዎች «የቤዝቦል ደንብ» የሚሉት ነገር የተወለደው ከዚህና ከመሰል ፍርዶች ነው። ባለሜዳው ከመቺው ጀርባ ያለውን እጅግ አደገኛ ቦታ በመረብ ከከለለ፣ መረብ ለሚፈልጉም በቂ ወንበር ካዘጋጀ፣ ግዴታውን ተወጥቷል። የቀረው ተመልካች ዓይኑን ከኳሷ አይንቀል። አደጋው የተሰወረ አልነበረም፤ በ1879 የፕሮቪደንስ ቡድን ከመቺው ጀርባ መረብ ሲዘረጋ፣ ያ ቦታ «የእርድ በረት» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር።

(የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2068 ስፖርተኛ በጨዋታ ላይ ተመልካችን ቢጎዳ፣ ተንኮል ወይም ከባድ የደንብ ጥሰት ከሌለበት በቀር አይጠየቅም ይላል። በአሜሪካው ጉዳይ የተከሰሰው ግን ተጫዋቹ ሳይሆን ቲኬቱን የሸጠው ነው።)

የ1913ቱ ፍርድ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነበር፤ በምርጫ። ክሬን በእኩል ዋጋ ከመረቡ ጀርባ መቀመጥ ይችል ነበር። ፍርዱ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ሲዞር ምርጫው እየተረሳ መደምደሚያው ብቻ ቀረ። ዛሬ ቲኬት የሚሸጠው በወንበር ቁጥር ነው፤ ከመቺው ጀርባ ያለው መቀመጫ ደግሞ ከውዶቹ አንዱ ነው። ልጆቹን ይዞ የመጣ አባት የሚቀመጠው ኪሱ በፈቀደለት ቦታ ነው። ኳሷም ያኔ እንደነበረችው አይደለችም፤ ከዱላው ስትነሳ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የምትበርበት ጊዜ ብዙ ነው። ተመልካቹ ዓይኑን እንዳይነቅል የሚያዘው ክለብ ራሱ ግዙፍ ስክሪን ሰቅሎ፣ ሙዚቃ ለቆ፣ ቢራ እያዞረ ይሸጥለታል።

የቢራው ነገር ፍርድ ቤትም ደርሷል። ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ተመልካች ከወንበሩ ርቆ መጠጥ ሊገዛ ቆሞ ሳለ ዓይኑን ተመታ። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ደንቡ የሚሠራው መቀመጫው አካባቢ ነው፣ መጠጥ መሸጫው ጋ አይደለም ብሎ ፈረደለት። ሕግ አውጪዎቹ ግን ዓመት ሳይቆዩ በ2006 ባለሜዳዎቹን የሚጠብቅ አዋጅ አወጡ። ኢሊኖይና ኮሎራዶ ቀድሞውኑ በ1990ዎቹ እንዲሁ አድርገዋል። ዳኛ ሊያላላው የጀመረውን ምክር ቤት መልሶ አጠበቀው። አይዳሆ በ2013 ደንቡን አልቀበልም ስትል ከጥቂቶቹ አንዷ ነበረች።

ብሉምበርግ በ2014 ባወጣው ዘገባ በከፍተኛው ሊግ ሜዳዎች በዓመት ወደ 1,750 ተመልካቾች በኳስ እንደሚጎዱ ገምቷል። በሎስ አንጀለሱ ዶጀር ስታዲየም በ1970 አንድ የ14 ዓመት ልጅ፣ በ2018 ደግሞ አንዲት የ79 ዓመት እናት በኳስ ተመትተው ሞተዋል። የእናትየው ሞት ለሕዝብ የተሰማው ወራት ካለፉ በኋላ ነው።

መረቡን ያስረዘመው ታዲያ ፍርድ ቤት አይደለም። በ2017 በያንኪ ስታዲየም አንዲት ሕፃን ፊቷን ስትመታ በቴሌቪዥን ታየ፤ በቀጣዩ ዓመት 30ዎቹም ክለቦች መረባቸውን የተጫዋቾቹ መቀመጫ እስከሚያልቅበት ዘረጉ። እሱም አልበቃም። በግንቦት 2019 ሂዩስተን ላይ የቺካጎ ከብስ ተጫዋች አልበርት አልሞራ የመታት ኳስ ከመረቡ አልፋ የሁለት ዓመት ልጅ መታች። አልሞራ ሜዳው ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ያ ምስል ዓለምን ዞረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሊጉ መረቡ በሁሉም ሜዳዎች እንደሚረዝም አስታወቀ። ደንቡ ግን በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች አሁንም አለ።

ጉዳዩ በተጀመረበት ከተማ ሌላ ክስም ተነስቶ ነበር። በ2009 የካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ሜዳ ላይ የአንበሳ ልብስ የለበሰው የቡድኑ አድማቂ ወደ ሕዝቡ የወረወረው ሆት ዶግ የአንድ ተመልካች ዓይን ላይ አረፈ። የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ቤዝቦል ሊያይ የመጣ ሰው የኳስን እንጂ የቋሊማን አደጋ አልተቀበለም ብሎ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። በ2015 ጁሪው ጥፋተኛ የለም አለ፤ ሰውየውም ያለ ካሳ ቀረ።