የአለማያ መምህር፦ ቤቱ፣ ማሳውና ሐይቁ

ስለ ኮሌጅ መምህር ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ዲግሪው፣ ያሳተመው ጽሑፍና የፈተናው ክብደት ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ልጁን ለማን ትቶ እንደሚወጣ፣ ከሰዓት በኋላ ጫማው ለምን ጭቃ በጭቃ እንደሚሆን፣ እሑድ እሑድም ከባለቤቱ ጋር በእግሩ ወዴት እንደሚንሸራሸር ግን ታሪክ ተብሎ አይቆጠርም። እኛ ይቆጠራል እንላለን። አንድ መምህር የሚያውቀውን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ አያገኘውም። ከሚኖርበት ሰፈር፣ ከሚሄድበት መንገድና ከጎረቤቱም ይማራል። ይህን ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ የምንማርበት፣ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ያለው፣ ትናንት አለማያ ዛሬ ሐረማያ የምንለው ግቢ ይበቃናል። ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልን።

የነገሩ አጀማመር እንዲህ ነው። በጥር 1949 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ትሩማን ባደረጉት ንግግር አራተኛ ነጥብ ላይ ለድኻ አገሮች የሙያ ርዳታ እንደሚሰጥ ተናገሩ። «ፖይንት ፎር» የሚባለው ፕሮግራም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ኃላፊ የኦክላሆማ እርሻ ኮሌጅ ፕሬዝዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት ሲሆኑ፣ እኚህ ሰው በ1950 ኢትዮጵያን ጎብኝተው ነበር። የውሉን ፍጻሜ ግን አላዩም። በታኅሣሥ 1951 ኢራን ውስጥ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ከባለቤታቸው ጋር ሞቱ። ስምምነቱ በ1952 ተፈረመና ትምህርቱ በዚያው ዓመት ጅማ ላይ ተጀመረ። በ1956 ኮሌጁ ወደ አለማያ ተዛወረ፤ በ1958ም ንጉሠ ነገሥቱ በይፋ መርቀው ከፈቱት። በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የዚያ አካል ሆነ። የኦክላሆማ ውል በ1968 አለቀ። በ1985 ራሱን የቻለ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ2006 ደግሞ የቦታው ነባር ስም ተመለሰለት።

ይህ ሁሉ የመሥሪያ ቤት ታሪክ ነው። የሰውዬውስ? የመምህሩን ውሎ የወሰነው ከኦክላሆማ የመጣው ሐሳብ ነበር። በ1862 በወጣ ሕግ መንግሥት መሬት የሰጣቸው የአሜሪካ ኮሌጆች እያደር ሦስት ሥራ አንድ ላይ ይዘዋል። እነርሱም ማስተማር፣ መመራመርና ያገኙትን ዕውቀት ለገበሬው ማድረስ ናቸው። አለማያም የተሠራው በዚሁ መልክ ነው። ስለዚህ የአለማያ መምህር ክፍል ገብቶ ጠመኔ ብቻ ይዞ አይውልም። ማሳ አለው፣ ከብት ቤት አለው፣ የሚጠይቀው ገበሬ አለው። ገበሬውን የማስተማሩ ኃላፊነት በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሲተላለፍ ከሦስቱ አንዱ እግር ከኮሌጁ ወጣ። ይኼ ነገር ያን ጊዜ የቢሮ ዝውውር መስሎ ቢያልፍም፣ ኋላ ላይ እንደምንመለስበት፣ ቀላል አልነበረም።

መኖሪያው ከማሳው አይርቅም። የመምህራን ቤቶች እዚያው ግቢ ውስጥ ተሠርተው ስለነበር፣ ሥራና ቤት የሚለያዩት በጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። መጀመሪያ የገቡት አሜሪካውያን ከሚስትና ከልጆቻቸው ጋር መጡ። ቀጥሎ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ተተኩ። የግቢ ልጅ በአማርኛ ይጣላል፣ በኦሮምኛ ይታረቃል፣ ትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። እናቱ የጓሮ ጎመኗንና ድንቿን ትንከባከባለች፤ የጎደለውን ከሐረር ገበያ ታመጣለች። ሐረር ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመንገድ ላይ የጫት ገበያዋ አወዳይ አለች። አባት ደግሞ ምሳ ሰዓት ቤቱ ይገባል፤ ገብቶም ስለ ማሽላ ያወራል። እንግዲህ የቤቱ ሰው ሁሉ ወደደም ጠላም የእርሻ ተማሪ መሆኑ ነው!

ዕረፍት ሲሆን ሽርሽሩ የት ነበር ብትሉን፣ መልሱ ሐይቁ ነው። ሐረማያ በሚለው ስም ውስጥ ያለው «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ስለሆነ አየሩ ደግ ነው። የውሃ ወፍ ማየት የፈለገ ወፍ ያያል፤ ልጅ ያለው ልጁን ያስሮጣል። ጉልበት ያለው ደግሞ በሌላ ቀን ከሐረር በላይ ወዳለው ሐኪም ጋራ ይወጣል፣ ወይም ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ወደሚግጡበት ወደ ቁንዱዶ ይዘልቃል። ለእርሻ መምህር ግን ሽርሽር ንጹሕ ሽርሽር አይሆንም። ዓይኑ ያያል። የሽቅቡ አፈር ታጥቦ ወዴት እንደሚሄድ፣ የጫት ተክል የት እንደደረሰ፣ ውሃው ካምና ስንት እርምጃ እንደሸሸ ሳይፈልግ ያስተውላል።

ከሽርሽሩ መንገድ ዳር ያለው ገበሬም አስተማሪ ነው። አንድ ምሳሌ እንስጥ። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ጥቅጥቅ አድርጎ ይዘራዋል። ከመጽሐፍ የመጣ ሰው ይህን ሲያይ «ዘር አባከነ፣ አራርቆ ቢዘራው ይሻላል» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ገበሬው ማሽላው ሲያድግ እየነቀለ ያሳሳዋል። የተነቀለውን ለበሬው ይሰጣል፤ የመጨረሻው አገዳ ደግሞ መኖና ማገዶ ይሆናል። ዝነኛው የሐረር ሰንጋ ቤት ታስሮ የሚቀለበው በዚህ ነው። ማሳው እህል ብቻ ሳይሆን የከብት ቀለብና የምድጃ እንጨት ጭምር መሆኑን የሚያውቀው፣ ገበሬው ቤት ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ በሬውን ያየ መምህር ነው። ከመስኮት ሆኖ ቢቆጥር የሚያገኘው ኩንታሉን ብቻ ነው።

ከአለማያ የወጣው ታላቅ ሥራም ከዚህ ዓይነት እግር የተወለደ ነው። ዶክተር ብርሃኔ ገብረ ኪዳን በአለማያ የኢትዮጵያን የማሽላ ማሻሻያ ሥራ ሲመሩ፣ የአገሩን የማሽላ ዘር ከገበሬ ማሳ ማሰባሰብ የሥራው መሠረት ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ገቢሳ እጀታ ነው። ወሎንኮሚ አካባቢ ከድኻ ቤት ተወልዶ፣ በእናቱ ብርታት ተምሮ፣ በጅማ እርሻ ትምህርት ቤት በኩል አለማያ ገብቶ በ1973 ተመረቀ። በኋላም አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1978 ዶክትሬቱን አገኘ። ድርቅ የሚችለውንና አቀንጭራ የሚቋቋመውን ማሽላ በማውጣቱ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጠው። ጋዜጣው የጻፈው ስለ ሽልማቱ ነው። እኛ ደግሞ መምህርና ተማሪ አብረው ማሳ ለማሳ የዞሩበትን ዘመን እናስታውስ።

ዘመኑ ሁሉ ማር አልነበረም። ከ1974 መጨረሻ እስከ 1976 በእድገት በኅብረት ዘመቻ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋና ተማሪውም አስተማሪውም ገጠር ወረደ። በመጋቢት 1975 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ስለ አፈር ሲማር የኖረ ሁሉ አፈሩ የማን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ መልስ አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በ1977 የሶማሊያ ጦር ገባ፤ ውጊያው ድሬዳዋና ሐረር ደጃፍ ድረስ ደረሰ። በዚያ ሰዓት የመምህር ቤት እንደማንኛውም ቤት ነው። ልጅ ይጮኻል፣ ሚስት ጓዝ ትሸክፋለች፣ የሙከራ ማሳ ዘር ግን ትቶት የሚሄዱት ነገር አይደለም።

ጦርነቱም አለፈ። ያላለፈው ሌላ ነበር፤ ሐይቁ። በ2004 ገደማ የሐረማያ ሐይቅ ደረቀ። ድንገት አይደለም፤ ዓመት በዓመት እየሸሸ ነው። ሐረር ከተማ ለብዙ ዘመን የመጠጥ ውሃዋን ትስብ የነበረው ከዚሁ ነው። በዙሪያው ያለው ገበሬ ለጫት፣ ለድንችና ለአትክልት በፓምፕ ይስባል፤ ጫቱና አትክልቱ ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ስለሚሸጥ ገበያው አይጠግብም። ኮረብታው ስለተራቆተ ጎርፍ ደለል ያመጣል፣ ደለሉ የሐይቁን ሆድ ይሞላል፣ ውሃው ሲሳሳ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ትጨርሰዋለች። ጎረቤቱ የአዴሌ ሐይቅም በዚሁ መንገድ ሄደ።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚያንቀን። አፈር፣ ውሃና ዛፍ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አጠገቡ ያለው ሐይቅ ሲደርቅ ምን አደረገ? ኧረ አልጻፉም እንዳንል ጽፈዋል፤ ተለክቷል፣ ምክንያቱም ተዘርዝሯል። ግን ከሦስቱ ሥራዎች ሦስተኛው፣ ማለትም ዕውቀትን ለጎረቤት ማድረስ፣ ቀድሞ በደንብ ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ይደርስ ነበር? እኛ እርግጠኛ ሆነን አንፈርድም። ወንጀለኛ ፍለጋም አልተነሣንም። ፓምፑን የሚነዳው ገበሬም ልጆች አሉት፤ ቀለብና ደብተር ይገዛል። በሐይቁ ወለል ላይ ያነጋገርናቸው አንድ አዛውንት «ኦቦ፣ ውሃው ሲያልቅ አልታየዎትም ወይ?» ብለን ስንጠይቃቸው፣ ማየቱንስ ማንም ያየዋል፣ እኔ ባቆም ጎረቤቴ ይስበዋል ብለው መለሱልን። ይህ ስንፍና ወይም ድንቁርና አይደለም፤ አብሮ የመወሰን ጉድለት ነው። እንዲህ ያለውን ጉድለት ደግሞ በላቦራቶሪ መለኪያ ብቻ ማከም አይቻልም፤ ሁለቱን ጎረቤቶች አንድ ጥላ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ይፈልጋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው በከፊል ተመልሷል፤ ወፉም እየመጣ ነው። ደስ ይለናል። የመምህሩ ኑሮ ግን እንደ ውሃው አልተመለሰም። ብዙ መምህር ዛሬ ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ደመወዙ ለኪራይና ለአስቤዛ ስለማይበቃው ማታ ሌላ ቦታ ያስተምራል፤ እሑድም ፈተና ያርማል። በታኅሣሥ 2022 የዩኒቨርሲቲ መምህራን በኑሮ ውድነት ተማርረው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። አንድ መምህራችንን ቤታቸው ሄደን ስለ ሽርሽር ስንጠይቃቸው ሣቁብን። ባለቤታቸው ቡና እየቀዱልን «እሳቸው ሐይቁን መጨረሻ ያዩት ሰርጋችን ፎቶ ላይ ነው» አሉ። መምህሩም ሣቃቸውን ጨርሰው ዝም አሉ።

እኛም ዝም ብለን ወጣን። መንገድ ላይ ግን ተከራከርን። አንዳንዶቻችን የመምህር ኑሮ የደመወዝ ጉዳይ ብቻ ነው አልን፤ ሌሎቻችን ደግሞ የሕዝብ ጉዳይ ነው አልን። መጨረሻ ላይ የተስማማነው በዚህ ነው። ማሳ ለመዞር ጊዜ የሌለው፣ ገበሬውን በስሙ የማያውቅ፣ ልጁን ይዞ ውሃ ዳር የማይሄድ መምህር ውሃው ሲሸሽ ማን ይነግረዋል? ሪፖርት ይነግረዋል፤ ሪፖርት ደግሞ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ የመምህሩ ምሳ፣ የልጁ ጨዋታና የእሑድ እግር ጉዞው የግል ምቾት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ አገሩን የሚያይበት ዓይን ነው።

ከእኛ መካከል ነገ ጠመኔ የሚይዝ አይጠፋም። እስከዚያው ግን አንድ ነገር እንችላለን። የሚመጣው እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከግቢው በር ተነሥተን ሐይቁን በእግራችን እንዞራለን። መምህራችንንም ከነባለቤታቸውና ከነልጆቻቸው ጋብዘናቸዋል፤ እንሞክራለን ብለውናል። ውሃው የት እንደደረሰ ምልክት እናደርጋለን፣ አዛውንቱንም ከነጎረቤታቸው እንጠይቃለን። መምጣት የሚፈልግ ይምጣ፤ ለጭቃ የሚሆን ጫማ ይያዝ።