ቀልዱን የተሸከመው ኦርኬስትራ

ከ«ዘ ሲምፕሰንስ» ካርቱን አንድ ክፍል ብቻ ምረጥ ብባል፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1992 በፎክስ ቴሌቪዥን የታየውን እመርጣለሁ። የቤቱ እመቤት ማርጅ የከተማው ተዋንያን ባዘጋጁት ሙዚቃዊ ድራማ ላይ ብላንሽን ሆና ትጫወታለች። ድራማው የቴነሲ ዊሊያምስን «ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር» ወደ ዘፈን የለወጠ ነው። በሰፈሩ ከሁሉ ጨዋ የሆነው ጎረቤታቸው ኔድ ፍላንደርስ ደግሞ ባለጌውን ስታንሊን ይሆናል። ባሏ ሆመር ልምምዷን ከቁብ አይቆጥረውም፤ ማርጅም ለመድረኩ የሚያስፈልጋትን ንዴት የምታገኘው ከእሱ ግዴለሽነት ነው።

እናቷ ልምምድ ስትውል ሕፃኗ ማጊ ማቆያ ትገባለች። የማቆያው ኃላፊ የሕፃናቱን የላስቲክ ጡት ሁሉ ቀምታ ትቆልፍበታለች። ከዚህ በኋላ የሚመጣው «ዘ ግሬት ኢስኬፕ» ከተባለው የ1963ቱ የጦር ምርኮኞች ፊልም የተወሰደ ነው። ማጊ ጡቶቹ ወደተቆለፉበት ሰብራ ለመግባት ትሞክራለች፤ ስትያዝ ለብቻዋ ይዘጉባታል፤ እሷም ስቲቭ ማክዊን በጨለማ ቤት እንዳደረገው ኳሷን እያነጠረች ትቀመጣለች። ከጀርባ የሚሰማው ኤልመር በርንስታይን ለፊልሙ የደረሰው ማርሽ ነው። ሆመር ሊወስዳት ሲመጣ ሕፃናቱ አሸንፈዋል፤ በየቦታው ሰፍረው የላስቲክ ጡታቸውን እየጠቡ ዝም ብለው ያዩታል። ይሄኛው የሂችኮክ «ዘ በርድስ» ነው። ሂችኮክ ራሱም ውሾቹን ይዞ በበሩ በኩል ያልፋል።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ በሐበሻ ሠርግ ኪቦርድ እየተጫወትኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ልጅ ሆኜ አሜሪካ ስገባ ማክዊንንም ሂችኮክንም አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ያወቅኩት ማጊን ነው፤ ፊልሞቹን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተውሼ ያየኋቸው ከዓመታት በኋላ ነው። የበርንስታይን ማርሽ ሲጀምር ግን ዜማው አፌ ላይ ነበር። የአሜሪካን ሲኒማ እንዲህ ከቅጂው ወደ ምንጩ እየተጓዙ የተማሩ ብዙ ስደተኛ ልጆች እንዳሉ አምናለሁ። ምንጩን ሳላውቅም እስቅ ነበር፤ የተቀማችውን ልታስመልስ የሸፈተች ሕፃን በራሷ ሙሉ ታሪክ ናትና። ጸሐፊዎቹ ከሁሉ በፊት የተጨነቁት ለዚህ ታሪክ ነው፤ የማከብራቸውም ስለዚህ ነው።

የታወቀ ሥራን ለቀልድ የማስመሰል ልማድ ከእነሱ በፊት የቆየ ነው። የካርቱን ሠሪው ቸክ ጆንስ በ1957 የዋግነርን ኦፔራዎች ለባግስ በኒ አልብሷቸዋል። በ1960 የጀመረው «ዘ ፍሊንትስቶንስ» የ«ዘ ሃኒሙነርስ»ን ባለትዳሮች ወደ ድንጋይ ዘመን ወስዷቸዋል። ለሙዚቀኛ ትልቁ ታሪክ ግን የ«ማድ» መጽሔት ክስ ነው። በ1952 የተመሠረተው ይህ መጽሔት በታወቁ ዘፈኖች ዜማ የሚዘፈኑ አዳዲስ የቀልድ ግጥሞችን አሳተመ። ኢርቪንግ በርሊንን የመሳሰሉ ደራሲዎች የዘፈኖቹ መብት የእኛ ነው ብለው ከሰሱት። በ1964 የይግባኙ ፍርድ ቤት ለመጽሔቱ ፈረደ። ይህ ፍርድ ባይኖር ኖሮ ከዚያ ወዲህ የመጡት የቀልድ ጸሐፊዎች ብዕራቸውን ሲያነሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማት ግሬኒንግ ሲምፕሰኖችን በ1987 «ዘ ትሬሲ ኡልማን ሾው» ላይ በአጫጭር ቅንጭቦች አሳየ። ራሱን የቻለ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት የሆነው በዲሴምበር 1989 ነው። በሚቀጥለው ዓመት አልፍ ክላውሰን የሚባል የሙዚቃ ደራሲ መጣ። የመጀመሪያ ሥራው በዚያው ዓመት የሃሎዊን ክፍል ነበር፤ በውስጡም የኤድጋር አለን ፖ «ዘ ሬቨን» ግጥም በጄምስ ኧርል ጆንስ ድምፅ ይነበባል፤ ቁራው የማርጅ ልጅ ባርት ነው። ክላውሰን ሙዚቃው ከቀልዱ ጋር አብሮ መሳቅ የለበትም ብሎ ያምን ነበር። ሥዕሉ ቢያብድም ኦርኬስትራው የምሩን ነው የሚጫወተው።

በ1993 የታየው «ኬፕ ፊር»ን የሚያስመስለው ክፍል ይህን ከሁሉ አብልጦ ያሳያል። የባርት ጠላት ሳይድሾው ቦብ ከእስር ወጥቶ ባርትን ሊገድል ቤተሰቡን ይከተላል። የ1962ቱን ፊልም ሙዚቃ የደረሰው በርናርድ ሄርማን ነው፤ ማርቲን ስኮርሴዚ በ1991 ፊልሙን እንደገና ሲሠራ ያንኑ ሙዚቃ በርንስታይን አሰናዳለት። የማጊን ማርሽ የጻፈው ያው በርንስታይን። ክላውሰንም እነዚያን ወደ ታች የሚወርዱ ከባድ ድምፆች ለቦብ ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ቦብ በመጣ ቁጥር እነሱ ይቀድሙታል። ክፍሉ ደቂቃ ስላጠረው ቦብ የቅጠል መሰብሰቢያ ሬክ እየረገጠ እጀታው ፊቱን ደጋግሞ ሲመታው እናያለን። በመጨረሻ ባርት፣ የተሳፈሩባት ጀልባ ከተማ እስክትደርስ ጊዜ ለመግዛት፣ የጊልበርትና የሱሊቫንን «ኤች ኤም ኤስ ፒናፎር» ዝፈንልኝ ይለዋል። ቦብም ከዳር እስከ ዳር ይዘፍነዋል፤ በደንብ ይዘፍነዋል። ድምፁን የሰጠው ኬልሲ ግራመር በእውነት መዝፈን ባይችል ኖሮ ይህ ትዕይንት ባዶ በሆነ ነበር።

ማስመሰል ሰው የሚያስቀይምበትም ጊዜ አለ። የማርጅ ድራማ የሚከፈተው ኒው ኦርሊንስን በሚያንጓጥጥ ዘፈን ነው። ግጥሙ ገና ክፍሉ ሳይታይ በከተማዋ ጋዜጣ ታተመና ሕዝቡ ተቆጣ። በሚቀጥለው ክፍል መክፈቻ ላይ ባርት የከተማዋን ስም ዳግመኛ እንደማያጠፋ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደጋግሞ ሲጽፍ ታየ። ይቅርታው ተገቢ ነበር ባይ ነኝ። ከተማውን የሚወድ ሰው ስሟ በክፉ ሲነሳ ያመዋል፤ ስለ አዲስ አበባ እንዲህ ተዘፍኖ ብሰማ እኔም ዝም አልልም።

ክላውሰን ለዘፈኖቹ በ1997 እና በ1998 ኤሚ ተሸልሟል። ከጀርባው 35 ሰው የሚደርስ ኦርኬስትራ ነበረ፤ ለየክፍሉ በአካል ተቀምጦ የሚጫወት። እኔ በአንድ ኪቦርድ ዋሽንቱንም ማሲንቆውንም ማስመሰል ለምጃለሁ፤ ስለዚህ 35 ሰው ለቀልድ ብሎ አስቀምጦ ማስጠናት ምን ያህል ገንዘብና ክብር እንደሚጠይቅ ይገባኛል። የሄርማን ድምፅ የሚያስፈራው በሰው ትንፋሽ ሲነፋ ነው፤ እሱ ካላስፈራ ሬክ መርገጡም አያስቅም። በ2017 አዘጋጆቹ ክላውሰንን አሰናበቱት፤ ሥራው የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ሃንስ ዚመር ከመሠረቱት አንዱ ለሆነበት ብሊዲንግ ፊንገርስ ለተባለ ድርጅት ተሰጠ። 27 ዓመት ያገለገለ ሰው በዚያ መንገድ መሸኘት አልነበረበትም። ኦርኬስትራ ውድ ነው ይባላል፤ ነውም። ያ ገንዘብ ግን የወጣው ማጊ የተቀማችውን ልታስመልስ ስትታገል እኛ ከልባችን እንድንሰጋላት ነበር።