ስልባቦት
የፈላ ወተት በረድ ሲል ላዩን የሚሸፍነው ስስ ነገር ነው። ሶዶ ከተማ ትኩስ ወተት አዝዛችሁ ጥቂት ብታቆዩት፣ ፕሮቲኑና ቅባቱ ተያይዘው ሲሸበሸቡ፣ እንፋሎቱም ቀነስ ሲል ታያላችሁ። ይህ ቃል ከጓዳ ወጥቶ ለሳይንሱም ቢያገለግል ደስ ይለኛል። የውሃ ጠብታ ላይ እንደ ሴቲል አልኮል ያለ ሰም መሰል ነገር ሲያርፍ፣ ሞለኪውሎቹ ራሳቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው፣ ጭራቸውን ወደ አየር አቁመው ይደረደራሉ። የዚህ ስልባቦት ውፍረት 2 ናኖሜትር ገደማ ቢሆንም ትነትን ያዘገያል። ወሳኙ ጥግግቱ ነው፤ የኦሊክ አሲድ ጭራ ጎባጣ ስለሆነ ክፍተት ይተዋል፣ ውሃውም በዚያ ያመልጣል። ትነትን የማዘግየት ዘዴው በአውሮፓውያኑ 1950ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያዎች ላይ ተሞክሯል። እንደ አባያ ባለ ሰፊ ሐይቅ ላይ ግን ነፋስና ማዕበል ስልባቦቱን ይቀዳድዱታል።