ዳክዬዋን ማን ሠራት?

አንዲት ዳክዬ አለች። ሰውነቷ ኬክ ነው፤ ላይዋ ቢጫ ክሬም ተቀብቷል፤ ጸጉሯ ፈንዲሻ፣ ምንቃሯ ደግሞ የድንች ቺፕስ። በ1980ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ ልጅ የነበረ ሰው ብትጠይቁ በደንብ ያውቃታል። የወጣችው «ዘ አውስትራሊያን ዊሜንስ ዊክሊ» የተባለው መጽሔት በ1980 ካሳተመው የልጆች የልደት ኬክ መጽሐፍ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሽፋኑ ላይ ባቡር አለ። ውስጡ ውኃው ጄሊ የሆነ መዋኛ ገንዳ አለ። መጽሐፉ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

የሚገርመው መጽሐፉ ስለ መጋገሩ ብዙም አለመጨነቁ ነው። ከሱቅ የተገዛ የተዘጋጀ የኬክ ዱቄት ይበቃል። ከረሜላውም፣ ብስኩቱም፣ ቺፕሱም ከሱቅ ነው። ሶፍትዌር የምትሠሩ ሰዎች ነገሩን ቶሎ ትረዱታላችሁ፦ ሌላ ሰው የጻፈውን ላይብረሪ ወስዶ መገጣጠም ማለት ነው። ታዲያ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ከመጣ፣ ያን ሁሉ ወላጅ በልደት ዋዜማ ሌሊቱን ወጥ ቤት ያስቀመጠው ምንድን ነው?

ለዚህ መልስ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ቅርጽ ያለው ጣፋጭ ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የሀብታም ነገር ነበር። ፈረንሳዊው ማሪ አንቷን ካሬም (1784–1833) የሕንፃ ሥዕሎችን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ እያጠና፣ በስኳርና በሊጥ ቤተ መቅደስና ፍርስራሽ ይሠራ ነበር። የሚሠራውም ለመኳንንትና ለነገሥታት ነው። የልደት ኬክም ቢሆን መነሻው ከተራ ሰው ቤት አይመስልም። በ1746 ጀርመን ውስጥ ለቆጠራ ለሚያስቸግር ድግስ የሚበቃ ትልቅ ኬክ የቀረበው ለካውንት ሲንሰንዶርፍ ልደት ነው፤ ኬኩ ላይ በዕድሜው ልክ ሻማ ተሰክቶ እንደነበር የዘመኑ ሰው ጽፎታል።

ተራ ቤት ውስጥ ችግሩ ጉልበት ነበር። ሃና ግላስ የተባለችው እንግሊዛዊት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባሳተመችው የማብሰያ መጽሐፍ ለፓውንድ ኬክ የሰጠችው መመሪያ ሊጡን አንድ ሰዓት ሙሉ መምታት ይጠይቃል። አንድ ሰዓት፣ በእጅ! ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኬኩን የሚያነሳው በመምታት የገባው አየር ብቻ ነበር። በ1843 በርሚንግሃም ውስጥ አልፍሬድ በርድ የሚባል ኬሚስት ይህን ቀየረው። ሚስቱ እርሾ አይስማማትም ነበርና ያለ እርሾ ሊጥ የሚያነሳ ዱቄት አዘጋጀላት፤ እኛ ቤኪንግ ፓውደር የምንለው ነው። አሲድና ሶዳ እርጥበት ሲያገኙ ጋዝ ይፈጥራሉ፤ ክንድ ይሠራ የነበረውን ኬሚስትሪ ይሠራዋል።

ቀጥሎ በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዱቄቱ ራሱ ተቀላቅሎ በካርቶን መጣ። እዚህ ጋ ምናልባት የሰማችሁት ታሪክ አለ፦ ድብልቁ በጣም ስለቀለለ ሴቶች አፍረው አልገዛ አሉ፤ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ «እንቁላሉን እነሱ ይጨምሩት» ብሎ መከረና ገበያው ደራ። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ግን ጊዜው አይገጥምም። የፒትስበርጉ ዳፍ ኩባንያ ገዢዎች ትኩስ እንቁላል መጨመር እንደሚመርጡ ገና በ1930ዎቹ በፓተንቱ ላይ ጽፎታል። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ትልቅ ለውጥ ሌላ ነው፦ ማስታወቂያውም መጽሔቱም ከመጋገር ወደ ማስጌጥ ዞረ። ኬኩን ፋብሪካው ይጨርሰው፤ የእናንተ ችሎታ የሚለካው ላዩ ላይ ነው ተባለ። ካርቶኑ ያተረፈውን ሰዓት ክሬሙ ወሰደው።

የታሪክ ምሁሯ ሩት ሽዋርትዝ ካዋን በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ ቤት ዕቃዎች ያለችው ነገር እዚህ ጋ ይሠራል። ምድጃውም፣ ማጠቢያ ማሽኑም ሥራ ቢያቀሉም፣ የእናትን የሥራ ሰዓት አልቀነሱም፤ የሚጠበቀው ነገር አብሮ ከፍ አለ። ሸሚዝ ማጠብ ሲቀል ሸሚዝ በየቀኑ መቀየር መጣ። ኬክ መጋገር ሲቀል ኬኩ ዳክዬ መሆን ነበረበት።

ይህን ስል ዳክዬዋን እየነቀፍኩ አይደለም። ካሬም ለነገሥታት ይሠራው የነበረው ነገር ለአንድ የአራት ዓመት ልጅ፣ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በቺፕስ መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው። ጠማማ ብትሆንም ልጁ የመረጣት ዳክዬ ነች። «ብሉዊ» የተባለው የአውስትራሊያ የልጆች ካርቱን በ2020 ስለዚችው ኬክ አንድ ክፍል ሠርቷል፤ እዚያ ላይ ከዳክዬዋ ጋር ሲታገል የምናየው አባትየው ነው። በ1980 መጽሐፉን ያወጣው መጽሔት ስሙ «የሴቶች ሳምንታዊ» መሆኑን አስታውሱና ልዩነቱን እዩት።

ወደ እኛ ስንመጣ መንገዱ ሌላ ነው። ያጌጠውን ኬክ ቶርታ የምንለው ቃሉን ከጣሊያንኛ ስለወሰድን ነው፤ ኬክ ከኬክ ቤት የሚመጣ ነገር ሆኖ ቆየ። የቤቱ ድካም ድፎ ዳቦው ላይ፣ ሽንኩርቱ ላይ ነበር። አሁን ግን ቤቷ ውስጥ ኦቨን ያላት ልጅ ለእህቷ ልጅ መኪና፣ ለጓደኛዋ የእግር ኳስ ማሊያ በኬክ ትሠራለች። ፎቶው ይለጠፋል፤ ከዚያ «ለእኔም ሥሪልኝ» ይመጣል። ዋጋ ስትናገር ደግሞ «ለዱቄትና ለስኳር ይህን ያህል?» ትባላለች።

ይቺ ጥያቄ ናት ታሪኩን ሁሉ የምታሳየው። ጠያቂው ዱቄቱን ያያል፤ ስኳሩን ያያል። ክሬሙ ቀልጦ እንደገና የተቀባበትን፣ ማሊያው ላይ ያለው ቁጥር ሦስት ጊዜ የተጻፈበትን ሌሊት አያይም። በእኛ ሙያም «አንድ ቀላል ድረ ገጽ ብቻ ነው» ሲባል የምንሰማው ይኸው ነው። ለጓደኛና ለቤተሰብ በነጻ ሲሠራ ደግሞ ጭራሽ ሂሳብ ውስጥ አይገባም፤ «ትወደዋለች እኮ» ተብሎ ያልፋል። ትወደው ይሆናል። ግን ነገ ጠዋት ሥራ አላት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ልደት ላይ ሻማው ጠፍቶ ቢላዋ ከመግባቱ በፊት ማን እንደሠራው ጠይቁ። ስንት ሰዓት እንደተኛችም ጠይቁ። ከዚያ ሳህኖቹን የሚያጥብ ሌላ ሰው ይኑር።